ጨፌያችን ጦም አላደረም

መሬት ለምትመዘግቡ፣ እርሻ ለምታቅዱ፣ እንዲሁም ነገሩ ያገባኛል ለምትሉ ሁሉ፣ ከሱሉልታ ሜዳ ዳር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ማመልከቻ ልጽፍ ነበር። «ጉዳዩ፦» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ማመልከቻ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ይህን ደግሞ ጎረቤቶቼም፣ ከእንጦጦ ማዶ ሆኖ የኛን ወተት የሚጠጣው አዲስ አበቤም እንዲያነቡት ፈለግኩ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ሦስት ሰዎች መጡብን። የመጡበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከአንድ ቢሮ ጋር አይደለም። አንደኛው ታብሌት ይዟል። ሰው አክባሪ ልጅ ነው፣ ክፉ አልናገርበትም። ጨፌው፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት የሣር ሜዳችን፣ ዳር ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፣ አንድ እግሩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠና ጫማው እዚያው ቀረ። እየሳቅን አወጣንለት። ከዚያ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አልኩት።

አሳየኝ። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ይላል። በቃል ሲያስረዳኝ ደግሞ «ጦም ያደረ መሬት ማለት ነው» አለኝ። ለከርሞ ውሃው በቦይ ተጠፍፎ በኩታ ገጠም ስንዴ ይዘራበታል፣ ከተቻለም በበጋ በመስኖ ይደገማል። ዕቅዱ ይሄ ነው።

አባባ፣ አባቴ ማለቴ ነው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ መሬት መቼ ጦም አደረ? እኛን ሲያበላ አይደል እንዴ የኖረው!» አሉት። ልጁ ፈገግ አለ። ምን ያድርግ፣ ታብሌቱ ላይ እንደዚያ የሚል ምርጫ የለም።

እኔ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። የነሳኝ ስንዴው አይደለም። ቃሉ ነው። እናንተ «ጦም ያደረ» የምትሉትን እኛ ቤት «ያረፈ» ነው የምንለው። ቃሉ ካልተስተካከለ የሚከተለው ሁሉ ይጣመማል። ስለዚህ ይህ መሬት በሦስት ትውልድ ምን ምን ሲሆን እንደኖረ ላጫውታችሁ።

አያቴ ገብስ የሚዘሩት ወደ ላይ፣ ዳገቱ ጋ ነበር። አንድ ማሳ ሁለት ዓመት ቢዘራ ከዚያ ሰባትም ስምንትም ዓመት ያርፋል። ሣር ይወርሰዋል፣ ከብት ይውልበታል። ተራው ሲደርስ አፈሩን ከነሣሩ እየፈነቀሉ በትንንሹ ይከምሩታል፤ ውስጡ ኩበት አድርገው ያቃጥሉታል። ለቀናት ይጨሳል። ከዚያ የተቃጠለውን አፈር በትነው ገብሱን ይዘሩበታል። አፈር ማቃጠል ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። የአፈሩን ሲሳይ በአንድ ጊዜ አውጥቶ መብላት ነው፣ የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ግን ያ ሁሉ ዓመት እረፍት ከኋላው ስላለ ያስኬድ ነበር።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። አያቴ ጭሰኛ ነበሩና የዚያን ቀን ደስታቸውን እስኪሞቱ አወሩት። እኔም አዋጁን አልከስም። ግን ካዋጁ በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። በየጊዜው አዲስ ጎጆ የወጣ ልጅ መሬት ይፈልጋል። መሬት ከየት ይምጣ? ያረፈውን ነዋ! መሬቱን ያሳረፈ ሰው ትርፍ መሬት ያለው መሰለ። ስለዚህ ማንም ማሳረፍ ፈራ። በአባባ ጉልምስና ስምንቱ ዓመት ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አንድ። እኔ እርፍ ስጨብጥ እረፍት የሚባል ነገር ቀርቶ፣ ባቄላ መዝራት ብቻ «መሬቱን ማሳረፍ» ይባል ነበር።

ይህ የኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ሰው ኤስተር ቦስሩፕ እ.ኤ.አ. በ1965 የጻፈችው ሐሳብ ይህንኑ ነው። ሰው ሲበዛ መሬት የሚያርፍበት ዘመን ያጥራል። መጀመሪያ ጫካ እስኪሆን ሃያ ዓመት የሚተወው ማሳ ወደ ስድስትና አስር ዓመት፣ ከዚያ ወደ አንድ ሁለት ዓመት ይወርዳል፤ በኋላ በየዓመቱ ይታረሳል፣ በመጨረሻም በዓመት ሁለቴ ይዘራበታል። በየደረጃው መሬቱ ብዙ ይሰጣል፤ ገበሬውም በየደረጃው ብዙ ይለፋል። ቁጥሩ ደግሞ አይዋሽም። አዲስ አበባ በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ሆነች። ያ ሁሉ ሰው ይበላል። ስለዚህ «እንደ አያቶቻችን እንረስ» የሚል ሞኝ አይደለሁም።

ግን ማሳው እረፍቱን ሲያጣ፣ ያ እረፍት ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ይሥራው?

መልሱ በከፊል ከብት ነበር። ያረፈ መሬት ግጦሽ ነው፤ ግጦሽ ሲታረስ ከብቱ ወደ ጨፌና ወደ ዳገት ተገፋ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ ቦታ አይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም አይሁን ብሎ ነበር። እኛ ጋ ከብቱ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ እዚያው ዳገት ላይ ዋለ። ከብቱ ሲያንስ ፍጉም አነሰ። የቀረውም ፍግ ወደ ማሳው አልሄደም። ተጠፍጥፎ ኩበት ሆነ፣ ኩበቱ በመኪና ወደ ከተማ ሄደ፣ ወይ እኛው ምድጃ ውስጥ ነደደ። እንጨት የለማ!

እንጨቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ ጨርሳ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ያዳናት ባህር ዛፍ ነው። ዛሬ የኛ ዳገት፣ አያቴ ገብስ የሚዘሩበት፣ ግማሹ ባህር ዛፍ ነው። ሰው ሲወቅሰው እሰማለሁ፣ «ባህር ዛፍ መሬቱን ጨረሰው» ይላል። እውነት አለው፣ ከሥሩ ሌላ ነገር እንደልቡ አይበቅልም። ግን ገበሬው ለምን እንደተከለ ጠይቁት። መሬቱ ገብስ መስጠት እምቢ ስላለው ነው የተከለው። ባህር ዛፍ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ መታረም አይፈልግም፣ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ልጅ ሲዳር ይሸጣል። በእርሻ የደከመ መሬት መጨረሻው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

የቀረውን ክፍተት ማዳበሪያ ሞላው። ዳፕና ዩሪያ፣ ኋላ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ። ማዳበሪያን አልሳደብም፤ ያለሱ ልጆቼን አላሳድግም ነበር። ግን ዩሪያ ከ100 ኪሎው 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፣ ብስባሽ የለውም። አፈሩን አያለሰልስም፣ ውሃ አይዝም። በየዓመቱ ሲደጋገም ደግሞ አፈሩን ያኮመጥጣል። ወደ ሆለታ በኩል ወልመራ ላይ ገበሬው ኖራ ሲበትን የምታዩት ለዚህ ነው፣ ያውም በሄክታር በአስር በአስር ኩንታል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ይህን ሳልናገር እናንተን ብወቅስ ነውር ነው።

በ2004 ዓ.ም የጨፌውን ዳር፣ የኛ ድርሻ የሆነውን ሁለት ጥማድ ያህል ቦታ፣ እኔው ራሴ አሳረስኩት። አባባ «ተው» አሉኝ። አልሰማሁም። ወጣት ነኝ፣ ስንዴ ዋጋ አውጥቷል፣ ሣር የገበሬ ስንፍና ይመስለኛል። የበሬ ማረሻ የሣሩን ሥር መበጠስ አቅቶት ትራክተር ተከራየሁ። የዚያን ዓመት ስንዴው ወገቤ ድረስ መጣ። ቆሜበት ፎቶ ተነሳሁ፤ ፎቶው እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። 14 ኩንታል ገባ። ሰፈሩ ሁሉ «ይሄ ልጅ ነቃ» አለ። እኔም ነቃሁ ብዬ ነበር።

ሁለተኛውም ዓመት ክፉ አልነበረም። በሦስተኛው ሲናር የሚባለው አረም መጣ። ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ ሲናር እንደሚመጣ የማያውቅ ገበሬ የለም፣ እኔ ግን ሰብሉን ልለውጥ አልፈለግኩም። ቱፎርዲ ረጨሁ። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፣ ሣር ነክ የሆነውን አይነካም። ሲናር ደግሞ ሣር ነክ ነው። ስለዚህ ሲናሩን ከባላንጣዎቹ ገላገልኩት ማለት ነው፤ እንደልቡ ፈነጨ። መድኃኒቱ በነፋስ ወደ ጎረቤት ድርሻ ሄዶ ማገቱን አቃጠለው። ያቺ ቀይና ሐምራዊ አበባ ያላት የጨፌ ማገት፣ ላም ስትበላት ወተት የሚጨምርባት፣ ንብ የማይለያት። ድንበሩ ላይ ያለው አደይ አበባም አብሮ ሄደ። በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ልጄ እቅፏን የምትሞላበት አጥታ ከመንገድ ዳር ገዛሁላት። የገበሬ ልጅ አደይ አበባ በብር! አባባ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው የባሰ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ማዳበሪያውን በእጥፍ ጨምሬ 8 ኩንታል አገኘሁ። በአምስተኛው ክረምቱ ከብዶ ውሃ ተኛበት፣ የተረፈውን ጥቅምት ላይ ውርጭ መታው። ስንት እንደገባ አልነግራችሁም፣ ያሳፍራል።

ምን ሆኖ ነው? ኋላ አንድ የአፈር ነገር የተማረ ዘመዳችን አስረዳኝ። ሣር ሥሩን በየዓመቱ እየጣለ አፈሩ ውስጥ ብስባሽ ያጠራቅማል። ማገት ደግሞ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለሆነች ናይትሮጅን ከአየር ወስዳ በሥሯ ታስቀምጣለች። ያ ሁሉ ተቆልፎ ይኖራል። ሲታረስ አየር ይገባዋል፣ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ለሰብሉ ይለቀቃል። ያ የመጀመሪያ ዓመት 14 ኩንታል የእኔ ጉብዝና አልነበረም። የአያቴን ጎተራ ነበር ከፍቼ የበላሁት።

ያመንኩት በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። ጥር ላይ ነበር። ካረስኩት ቦታ አንድ አካፋ አፈር አወጣሁ፣ ከድንበሩ ማዶ ካልታረሰው ደግሞ ሌላ አንድ አካፋ። መካከላቸው ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ያልታረሰው እንደ ድፎ ዳቦ ተያይዞ ወጣ፤ ሥሩ ጥልፍልፍ ነው፣ ሲፈረከስ ትል ይወጣዋል፣ የክረምት ሽታ አለው። የኔው ከላይ ዱቄት፣ ከአንድ ስንዝር በታች ማረሻው የደበደበው ድርቅ ያለ ወለል። በሁለቱም ጉድጓድ አንዳንድ ጆግ ውሃ ገለበጥኩ። ያልታረሰው ወዲያው ጠጣው። የኔው ላይ ውሃው ሰማይ እያሳየ ቆመ። ቤት ሄጄ ቡና ጠጥቼ ስመለስም አልጨረሰም።

በ2009 መሬቱን ተውኩት። መጀመሪያ ሙጃ ወረሰው፣ ቀጥሎ ሰርዶ። ማገት የተመለሰችው ስንት ዓመት ቆይታ ነው፣ እሱም በዳር በዳሩ ብቻ። ለማጥፋት አምስት ዓመት፣ ለመመለስ ይኸው እስካሁን።

እንግዲህ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የተባለው ጨፌ ምን እንደሚያስገባ ላሳያችሁ። ጥቅምት ላይ ይታጨዳል። ድርቆሹ የኔን ሦስት ዲቃላ ላሞች እስከ ሰኔ ያደርሳል፤ የተረፈው ታስሮ ለከተማ ወተት አርቢዎች ይሸጣል። ፉርሽካና ፋጉሎ ዋጋቸው በየሳምንቱ በሚጨምርበት በዚህ ጊዜ ድርቆሽ የሌለው ሰው ላም አይዝም። ለበዓል ቤታችሁ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ከእንደዚህ ያለ ረግረግ ነው። ሴቶቹ በሌሊት አጭደው፣ አዝለው፣ ሲነጋ ከተማ ያደርሱታል። ብሩም የእነሱ ነው፣ ባል አይቆጥረውም፣ ለዚህም ይሆናል መዝገብ ላይ የማይታየው። የላሞቹ ፍግ ደግሞ ወደ ላይኛው ማሳ ይሄዳል። የላይኛው ማሳዬ ዛሬም በደህና ስንዴ የሚሰጠኝ ታችኛው ጨፌ ስላልታረሰ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፦ ማሳና ግጦሽ ሁለት መሬት አይደሉም። አንዱ ሌላውን ያበላል።

ውሃውም አለ። ከእንጦጦ ወዲያ የወረደ ዝናብ ወደ አቃቂና አዋሽ ይሄዳል፤ ወዲህ የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ጨፌው ክረምቱን ውሃውን ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይለቀዋል። ቦይ ቆፍራችሁ ባንድ ሳምንት ብታስወጡት ሐምሌ ላይ ከታች ያሉት ሰዎች ጎርፍ ይበላቸዋል። ከዚያ በበጋ መስኖ ልትሉ ነው። በየትኛው ውሃ?

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራውን ልናገር። ከተማው እየመጣ ነው። ሱሉልታም ሸገር ከተማ ውስጥ ከገባች ወዲህ ሁሉም ሰው አንድ ዓይኑን ማሳው ላይ፣ አንድ ዓይኑን ካሳው ላይ አድርጎ ነው የሚኖረው። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ከገጠር መሬቱ ለዘለቄታው የሚነሳ ሰው የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011ዱ፣ በቁጥር 1161፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛል። የተሻለ ሕግ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን መዝገቡ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ካለ ከፍተኛው ገቢ ስንት ሊባል ነው? ዜሮ በ15 ቢባዛስ? ጎረቤቶቼ ይህን ስሌት ያውቁታል። ስለዚህ ሣሩን ገልብጠው ምንም ይሁን ምን ይዘሩበታል፣ ችግኝ ይደረድሩበታል። ስግብግብ ሆነው አይደለም፤ መዝገባችሁ ሣርን እንደ ገቢ ስለማያይ ነው። የአንድ ታብሌት አንድ መስመር ስንት ሄክታር ሊያሳርስ እንደሚችል አስቡት።

እና ምን ትፈልጋለህ ካላችሁኝ፦ መዝገቡን አርሙልኝ። «የግጦሽና የድርቆሽ መሬት» ብላችሁ ጻፉ፣ ከነዓመታዊ ገቢው፣ ከቄጤማው ጭምር። የታጨደውን ድርቆሽ ቆጥራችሁ፣ ሴቶቹን ጠይቃችሁ። ስንዴ መጨመር ካለበት ደግሞ፣ እሺ፣ መጨመር አለበት፣ ድሮ በታረሰው ማሳ ላይ እናሳድገው። አፈሩ የኮመጠጠበት ኖራ ይምጣ። ስንዴ በስንዴ ላይ አትዝሩ በሉን፣ ባቄላውን አስገቡበት፣ ምርጥ ዘር ስጡን። ማዳበሪያው ደግሞ ዘር ካለፈ በኋላ ሳይሆን ዝናቡ ሳይገባ ይድረስ፤ በዚህ ብቻ ከጨፌው ከምታገኙት ስንዴ የበለጠ ታገኛላችሁ ብዬ አምናለሁ። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል። ከተሳሳትኩ ግን አካፋ ይዛችሁ መጥታችሁ አሳዩኝ፤ ጉድጓዱን እኔ እቆፍራለሁ፣ ጆጉም አለ።

ልጁን፣ ባለታብሌቱን ማለቴ ነው፣ አባባ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ከመስቀል በኋላ ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ላኩልን። እርጎ አለ። ቦቲ ጫማ አድርጎ ይምጣ።